ደወሉን ዝም አሰኚልኝ

አንድ የጋዝ ጉድጓድ ቆፋሪዎች አለቃ ነበር፤ ስሙ መርዕድ። ሥራ ሲይዝ እህል ውኃ የሚረሳ፣ «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለው ተረት ከአፉ የማይጠፋ ሰው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ጌትዬም አብሮት ይሠራል፤ የእሱ ቦታ የብረቱ ማማ ጫፍ ነው፤ እዚያ ቆሞ ቱቦ ያቀብላል። አደጋ ቢመጣ ከሁሉም ኋላ መሬት የሚደርሰው እሱ ነው። እናታቸውም ሁለቱን ሲሸኙ መርዕድን «ወንድምህን አደራ» ብለውታል።

በጉድጓዱ አጠገብ አንድ መሣሪያ ተተክሏል። ከምድር ሆድ የሚመለሰውን ጭቃ ያለ ዕረፍት እየመረመረ፣ በውስጡ ያለው ጋዝ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ በራሱ ይጮኻል። የምትቆጣጠረው ሂባቅ የምትባል ባለሙያ ናት።

መሣሪያው ቱቦ በተቀጠለ ቁጥር ይጮህ ጀመር። በዚያን ጊዜ ጥቂት ጋዝ ሾልኮ መግባቱ የተለመደ ነው። ሥራ ይቆማል፣ ይታያል፣ ጋዙ ይቀንሳል፣ ሥራ ይቀጥላል። መርዕድ ግን ተማረረ።

«ልኩን ትንሽ ከፍ አድርጊው» አላት።

እውነት አለው ብላ ከፍ አደረገችው። ሰነባብቶ ያው ጩኸት ተመለሰ። መርዕድ ደግሞ ከፍ እንድታደርገው አዘዛት፤ አሁን ግን እምቢ አለች።

«ጋሼ፣ እኔ መሣሪያውን ዝም ላሰኘው እችላለሁ። ጋዙን ግን ዝም ላሰኘው አልችልም።»

«እኔ በዚህ ሥራ የሸበትኩ ሰው አንቺን ላስፈቅድ?»

«አያስፈቅዱኝ። ልኩ ግን እዚሁ ይቆያል።»

አለቃ መቼም እምቢታ የለመደ ጆሮ የለውም። መርዕድ አኮረፈ፤ ምሳ ላይ እንኳ ጀርባውን ሰጣት። ይባስ ብሎ ሌላ ባለሙያ እንዲላክለት ጠየቀ።

ተተኪው ሳይመጣ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቱቦ ተቀጥሎ ሥራ ሲቀጥል መሣሪያው ጮኸ። መርዕድ «ያው አመሉ ነው» እያለ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ። ያን ጊዜ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አረፈ። የጋዙን መጠን የሚያሳየው መስመር እንደ ወትሮው ወደ ታች አልተመለሰም፤ ሽቅብ ይወጣል። ወዲያው የጉድጓዱን አፍ አስዘጋ፣ ሰዎቹን አሸሸ፣ ወንድሙን ከማማው አስወረደ። ጋዙም በጎን ቱቦ ወደ ሩቅ ተመርቶ እዚያው ነደደ። ልኩ እሱ እንደፈለገው ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ መሣሪያው ዘግይቶ ይጮህና፣ ጌትዬ ገና ማማው ላይ ሳለ ጋዙ ከሥሩ በደረሰ ነበር።

መርዕድ ወንድሙን አቅፎ አለቀሰ። ከዚያ ሠራተኞቹ ሁሉ እያዩት ሂባቅ ፊት ቆመ።

«ወንድሜን ሰጠሽኝ። እናቴን የማይበት ዓይን ሰጠሽኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ።»

«እኔ ምን አደረግሁ፣ ጋሼ? እምቢ ነው ያልኩት።»

«እሱን ነው የማመሰግንሽ።»

ወገኖቼ፣ እሺ ላለን ሰው ምስጋና አይቸግረንም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እያለ የሚነዘንዘንን ግን ሰላም የነሳን ይመስለናል፤ ያቆየልን ሕይወት የሚታየን ዘግይቶ ነው። እናንተስ፣ እምቢ ብሎ ያተረፋችሁ ሰው ማን ነው? አመስግናችሁታል ወይስ እስካሁን እንዳኮረፋችሁት ናችሁ?