የጉማሬዋ እግር

አንድ ሹፌር ነበረ። አሮጌ ሚኒባስ ነበረችው። ሰው ሆዷን አይቶ «ጉማሬ» ይላታል፤ እሷን የመሰለ መኪና ሁሉ ስሙ ጉማሬ ነው።

ይህን የምነግርሽ፣ የውብዳር ልጄ፣ «የእንጀራ ልጄን እንዴት ልያዛት? ግራ ገባኝ፤ አክስቷ መጥታ ትውሰዳት ይሆን?» ስላልሽኝ ነው።

የሰውየው መኪና ቁልቁለት ላይ አልቆም አለችው። መሪው ይርገበገባል፣ ጎማው ሥር ይጨሳል፣ ተሳፋሪው «አውርደን!» ይላል። አንድ ቀንማ ገደል አፋፍ ላይ ነው የቆመችለት። ደነገጠ። ፍሬን ሲያዝ የፍሬኑ ሸራ የሚነክሰውን ክብ ብረት፣ ዲስክ የሚሉትን፣ በተሻለ ሊለውጠው ቆረጠ።

ጠየቀ። አንዱ «ለጉማሬ ወፍራሙ ነው» አለው። ሌላው «ወፍራም? ለጉማሬ? ባለ ቀዳዳው ነው እንጂ!» አለው። ሌላው ደግሞ «ምን አስቸኮለህ፣ ያለውን ቶርኖ ቤት አስጠርበህ ንዳ» አለው። ሁሉም ጉማሬ ነድተዋል፤ ሁሉም ይምላሉ። ወፍራሙን አመጣ፤ የቡሎኑ ቀዳዳ አልገናኝ አለ። ባለ ቀዳዳውን አመጣ፤ ሰፋ። ግራ ገባው። በመጨረሻ ወፍራሙን በግድ አስበስቶ ሊያስረው ተነሣ።

ሚስቱ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጫማ ስትገዛ ስምህን ነው የምትነግራቸው፣ እግርህን ነው የምታሳያቸው?»

አሮጌው ዲስክ ተፈትቶ እግሩ ሥር ወድቋል። አነሣው። በጆንያ ጠቅልሎ ወደ መለዋወጫ ሻጩ ተሸክሞት ሄደ። ሻጩ በአዲሶቹ ላይ እየደረበ ለካው። ለካስ የፊት እግሯ፣ ጎማው የሚታሰርበት፣ የጉማሬ አይደለም! የቀድሞ ባለቤቷ፣ ማን እንደሆነ እንጃ፣ ከሌላ መኪና አምጥቶ ገጥሞላት ኖሯል። ለዚያ እግር የሚሆን፣ ከድሮው የጠነከረ ዲስክ ተገኘ። ገጠመ። መኪናዋም ቁልቁለቱን ቀስ ብላ ወረደች።

አየሽ፣ የውብዳር። አንቺም መንደሩን የዞርሽው «እንጀራ ልጅ እንዴት ትያዛለች?» እያልሽ ነው። አንዷ ቅጪያት አለችሽ፣ አንዷ አባብያት አለችሽ። ስለ እንጀራ ልጅ ሁሉም ነገረሽ። ስለዚች ልጅ ማንም አልነገረሽም፤ አያውቋትማ። ካንቺ በፊት በማን እጅ እንዳለፈች፣ ምን እንደገጠሙባት፣ ምን እንደሚያስፈራት።

እኔንም ቢሆን የጠየቅሽኝ ስለ እንጀራ ልጅ ነው። ተነሺ፤ ሂጂና እሷን ጠይቂያት።