አምስት ሽብልቅ

ደጊቱ ጭድ የገባበትን ጭቃ በመዳፏ እያለሰለሰች፣ ጎርፉ ግድግዳው ላይ ትቶት የሄደውን ቡናማ መስመር ትሸፍን ነበር። በሐይቁ ዳር ባለችው ውሃ ሰፈር፣ ነገር ተሸፋፍኖ ሊታለፍ ሲል ሰዎች ዛሬም የሚያነሷት አንዲት አባባል አለች። መነሻዋ ይህ ግድግዳ ነው።

መስመሩ የደጊቱ ወገብ ጋ ይደርሳል። የሰፈሩ ደንብ ደግሞ አጭር ነበር። ክረምት አልፎ ውሃው ሲሸሽ፣ የውሃ አባት የሚባሉት ሽማግሌ ቤት ለቤት እየዞሩ ቋሚዎቹን ይነቀንቃሉ። የተነቃነቀው ከግማሽ ካነሰ ቤቱ ባለበት ይጠገናል። ግማሽ ከሞላ ግን ይፈርስና አፈር ተደልድሎለት፣ ውሃው ከደረሰበት ልክ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ እንደ አዲስ ይሠራል።

የደጊቱ ቤት ሃያ ቋሚ ነበረው። ባሏ አንማው በማለዳ ነቅንቆ ዐሥራ ሁለት ቆጥሯል።

«አምስቱን በድንጋይ ሽብልቅ አጥብቄያቸዋለሁ» አላት። «አንቺ የውሃውን ልክ ደህና አድርገሽ ምረጊው፤ ሽማግሌው ወገብ መድረሱን ካዩ ሽብልቁን ይፈልጋሉ።»

«ቢያውቁብንስ?»

«ቤቱ ከፈረሰ እናትሽን ዳስ ውስጥ ልታስተኚያት ነው? አፈሩ ተቆልሎ እስኪጠቀጠቅ ሁለት ወር ነው። ያን ሳል ይዛ ብርዱን የምትችለው ይመስልሻል?»

ደጊቱ ሌላ ጭቃ ዘገነች። እናቷ እግሯ ከከዳት ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከመደብ የምትነሳው በሰው ክንድ ነበር።

የውሃ አባት አባ ይግዛው ምርጊቱ ደርቆ በሦስተኛው ቀን መጡ። ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ነቀነቁ። የተነቃነቀው ሰባት ብቻ ሆነ።

«ቤትህ ካንተ ይጠነክራል፣ አንማው።»

«እኔንም ቢነቀንቁኝ ከግማሽ በታች ነኝ፣ አባ።»

ሽማግሌው ሳቁና ወደ ደጊቱ ዞሩ። «ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ። ልኩ የት ጋ ነበር?»

ከመደቡ የእናቷ ሳል ተሰማ። ደጊቱ እጇን ዘርግታ ጉልበቷን ነካች።

«እዚህ ጋ፣ አባ።»

«እንግዲያው ይጠገን» ብለው ሄዱ።

በጋው አለፈ። ክረምት ሲገባ ደጊቱ ዝናብ በጣለ ቁጥር ግድግዳው ሥር ጣቷን ታሳርፋለች፤ አንስታም ታየዋለች። ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ምሳ ሊቀርብ ሲል፣ ውሃው በመዝጊያው ሥር ሾልኮ ገባ። አንማው ታንኳ ፍለጋ ወጥቶ ሮጠ። ውሃው ቁርጭምጭሚቷን አልፎ ጉልበቷ ሲደርስ፣ ደጊቱ እናቷን አዝላ ቆመች። ከኋላዋ አንዱ የሽብልቅ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ዱብ አለ። ቆየት ብሎ ሌላ።

«ሁለት» አለች ደጊቱ።

«ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» አለች እናቷ ከጀርባዋ።

«ምንም፣ እማዬ። አጥብቀሽ ያዥኝ።»

ሦስት። ውሃው ወገቧን ያዘ። አራተኛው ሲወድቅ የታንኳዋ አፍንጫ በበሩ ብቅ አለ። አንማው አሮጊቷን ተቀብሎ አስተኛት፤ ደጊቱም ጠርዙን ይዛ ወጣች። ጥቂት እንደራቁ ግድግዳው መደቡ ላይ ተደረመሰ። አምስተኛውን ማንም አልሰማውም።

ውሃው ሲሸሽ አባ ይግዛው ሽብልቆቹን ከፍርስራሹ ውስጥ አገኟቸው፤ አሮጊቷንም እልፍኛቸው አስገቡ። «ይህ ክፍል አምናም ባዶ ነበር፤ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?» ከማለት በቀር አልተቆጡም። ባልና ሚስቱ ሁለት ወር ሙሉ አፈር ተሸከሙ። ኅዳር ሲገባ ደጊቱ የመጨረሻዋን ቅርጫት ገልብጣ አፈሩን በእግሯ ጠቀጠቀችና ቅርጫቱን አራግፋ ወደ ጎን አስቀመጠች።

ክንዳቸውን ዘርግተው ድልድሉን የሚለኩትን ሽማግሌ አንማው ጠጋ አላቸው። «አባ፣ ውሃው እኮ አምና ከቆመበት አንዲት ጣት እንኳ አላጎደለም።»

አባ ይግዛው ልካቸውን ጨርሰው ቀና አሉና፣ ባልየውን ትተው ደጊቱን እያዩ «ምርጊት ለሰው፣ ውሃ ልኩን አይረሳው» አሉ።