በግራ እግር የሚቀር ክር

ቀርክሃ አምባ የሄደ እንግዳ መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው የዶሮ እግር ላይ ነው። በደጋው ዳር ባለችው በዚህች መንደር፣ ሰው ታሞ በተኛበት ቤት ደጃፍ፣ በሁለት እግሩ ላይ ነጭ ፈትል የታሰረበት አውራ ዶሮ ሲለቅም ይታያል። የቀኙ ክር የበሽተኛው ነው፤ የተኛው ሲነሣ ይቆረጣል። የግራውን ግን ማንም አይቆርጠውም። ለምን ቢሏቸው ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና ነገሩን ከሩቅ ይጀምራሉ፤ የሚያኮራ ታሪክ ስላልሆነ አይቸኩሉበትም።

እንደሚነገረው ከሰባት ትውልድ በፊት በዚህ መንደር ገብስማ አውራ ዶሮ በበሽተኛው ራስ ላይ ሦስት ጊዜ ይዞርና መንታ መንገድ ላይ ይጣል ነበር፤ ቀበሮ ሲበላው በሽታውም አብሮት ይሄዳል ይባላል። የተጣለውን ያነሣ ሰው በሽታውን ወደ መንደሩ እንደ መለሰ ይቆጠራል። ቢሻው የሚባል ገበሬ አንዲት ልጁ የሻረግ በትኩሳት ስትወድቅበት፣ እንደ ደንቡ ዶሮውን አዙሮ መንታ መንገዱ ላይ ከነጭንቀቱ ወረወረው። ዶሮው ድንጋይ ላይ አረፈና ቀኝ እግሩ ተሰበረ።

ይታክቱ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅም ወንድምም የሌላት ጥጥ ፈታይ በዚያው ሰዓት ውሃ ቀድታ ስትመለስ አየችው። አባቷ ወጌሻ ስለነበር ስብራት አይታ ማለፍ አልለመደባትም። አላወቀችም እንዳይባል፣ ታውቃለች፤ እንዲያውም መጀመሪያ አልፋው ሄዳ ነበር፣ ከጓሮዋ ደርሳ ነው የተመለሰችው ይባላል። ቤቷ አስገብታ አጥንቱን ገጠመች፣ በስንጥር ቀርክሃ ደግፋ በራሷ ፈትል ጠመጠመችው፣ ቅቤ ቀባችው፣ ገብስ እያላመጠች አጎረሰችው፤ ሰው እንዳያየውም እንቅብ ደፋችበት።

በአምስተኛው ቀን ዶሮው ሻል አለውና ጎሕ ሲቀድ ጮኸ። ውለታ የማያውቅ ፍጥረት ነው። ሰው ሁሉ የዶሮውን ድምፅ ለይቶ በሚያውቅበት መንደር ዶሮ መደበቅ ዘበት ነውና ቢሻው ሰማ፤ የሻረግ ደግሞ እየባሰባት ነበር። ሽማግሌዎች ይዞ መጣ።

«ይታክቱ፣ ምን በደልኩሽና ነው ልጄን የምትገድይብኝ?» አላት።

እሷም እንቅቡን ገለጠችና «በሽታዋ እዚህ ዶሮ ላይ ነው ካላችሁ፣ እኔ የማስታምመው ማንን ነው? ይኸ ከዳነ እሷም ትድናለች። ከገደላችሁት ግን እኔ የለሁበትም» አለች።

ቢሻው የዶሮውን አንገት ያዘ፤ ማነቁም መተዉም አስፈራው፤ በመጨረሻ ለቀቀው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ደጃፏ ቆሞ «እንዴት አደረ?» ይል ጀመር። ስለ ዶሮ ጤና የሚጠይቅ አባወራ አይተው የሳቁ ነበሩ አሉ፤ ልጁ ያልታመመችበት ይሥቃል።

ዶሮው በሁለት እግሩ በቆመ ሰሞን የሻረግም እህል ቀመሰች። ቢሻው በግ አረደ፤ መንደሩ በላ፣ ጠጣ። ይታክቱ አልመጣችም፤ ትኩሳት ጥሏት ነበር። ይህ ሲሰማ መንደሩ ‹በሽታው ቤቱን አገኘ› አለና ከደጇ ራቀ። ቢሻውም ዛሬ ነገ እያለ ቀረ። ሽማግሌዎቹ እዚህ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የእነሱም ቅድመ አያቶች ከበጉ በልተዋልና።

ይታክቱ በተኛች በስምንተኛው ቀን ዶሮው ሳይጮኽ ነጋ። ቢሻው ዝምታው አላስቀምጥ ብሎት ሄዶ በሯን ገፋው። ዶሮው እግሯ ሥር ክንፉን ጥሎ ተኝቷል፤ እንስራው ደርቋል፤ ይታክቱ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ቢሻው አፈረ፤ የሚያደርገው ጠፋው። ዶሮውን አንሥቶ ራሷ ላይ ሊያዞርላት ሲል እጁን ያዘችው።

«ተወው ቢሻው፤ ይኸ አንዴ ተጥሏል።»

«ምነው ሳታስጠሪኝ?» አላት።

«በማን ልኬ?» አለችው።

ሮጦ ውሃ አመጣ፤ አልወረደላትም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፈች።

በሽታው ከዶሮው ወደ እሷ ተሻግሮ ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ ያ ዓመት የትኩሳት ዓመት ነበር፣ እሷም ውሃ የሚያቀብላት አጥታ ነው የሞተችው የሚሉም አሉ፤ እኔም ከእነዚህ ጋር ነኝ። እንዝርቷ ላይ የቀረውን ክር ቢሻው፣ ወንድ እንዝርት መንካቱ ነውር በሆነበት ዘመን፣ በገዛ እጁ ስቦ በዶሮው ደህና እግር ላይ፣ በግራው አሰረው ይባላል። ዶሮው አርጅቶ እስኪሞትም ቤቱ አኖረው።

ዛሬ በቀርክሃ አምባ ዶሮ ይዞራል እንጂ አይጣልም፤ በሽተኛው እስኪነሣ አብሮ ይጠበቃል። በሽተኛው ድኖ የቀኙ ክር የሚቆረጥ ዕለትም፣ ድግሱ ከመቀመሱ በፊት ከቤተሰቡ አንዱ ይወጣና ብቻቸውን የሚኖሩትን ሰዎች በር ሁሉ አንኳኩቶ ይመለሳል፤ እሱ ሳይመለስ ማንም አይጎርስም። የግራው ክር በዶሮው እግር ላይ ይቀራል። የማን ነው ብሎ ለሚጠይቅ እንግዳም መልሱ አንድ ነው፤ «የምትልከው ሰው ያጣች ነበረች፤ የእሷ ነው» ይሉታል።