ልብስ ሰፊው የልጁን ፈተና ሲያይ

አንድ ተድላ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። በሰፈሩ እሱ የሰፋውን ሱሪ ያልለበሰ ወንድ፣ እሱ ያልለካት ሙሽራ የለችም ማለት ይቻላል። እጁ አሁንም የተባረከ ነው፤ ዓይኑ ግን እየከዳው ነበር። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሦስት አራቴ ይሞክርና ሲያቅተው «ትርሲት!» ብሎ ይጣራል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ከደብተሯ ተነስታ በአንድ ጊዜ ታስገባለታለች። ከእሷ ሌላ ማንም አልነበረውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ትርሲት ከትምህርት ቤት መጣች፤ ቦርሳዋን ጥላ ስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠችና አንዲት ብጣሽ ወረቀት አቀበለችው። የሞዴል ፈተና ውጤቷ ነበር። ከስድስት መቶ ሁለት መቶ አርባ ስምንት።

«ግማሽ እንኳን አልሞላሁም» አለች። «ለዋናው ፈተና የቀረው ሰባት ሳምንት ነው። አባዬ፣ እኔ ለትምህርት አልተፈጠርኩም። ከነገ ጀምሮ እዚሁ ካንተ ጋር ልስፋ። አንተም እኮ ደክሞሃል።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ተድላ ደስ አለው። ክር የሚያስገባለት፣ ቁልፍ የሚተክልለት ሰው ሊያገኝ ነው። «እሺ» የምትለዋ ቃል ምላሱ ላይ ደርሳ ነበር። ቀና ብሎ የልጁን ፊት ሲያይ ግን በራሱ አፈረ። ትርሲት ወደ መኪናው የተጠጋችው ስፌት ወዳ ሳይሆን ሽንፈት ሸሽታ ነው።

«ለመሆኑ ሞዴል ማለት ምንድን ነው?» ሲል ጠየቃት። እሱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም።

«ዋናው ከመምጣቱ በፊት የሚሰጥ መሞከሪያ ነው።»

«እንግዲያ ፕሮቫ ነዋ!»

ይህን ቃል ትርሲት ስትሰማው ነው ያደገችው። ልብስ በመኪና ተሰፍቶ ከማለቁ በፊት በእጅ አራርቀው ያያይዙትና ባለቤቱን ያለብሱታል። ጠበበ፣ ሰፋ፣ ረዘመ፣ አጠረ የሚባለው ያኔ ነው።

«ትናንት ያቺ ሴትዮ ቀሚሷን ስትለካ ‹አበላሸኸው!› ብላ ስትጮህብኝ ሰምተሻል» አለ ተድላ። «እኔ ምን አልኳት?»

«የት ጋ ነው የያዘሽ አልካት።»

«ብብቷ ሥር ነበር። በጠመኔ ምልክት አደረግኩበት፣ ፈታሁት፣ አለቀ። ጨርቁን አውጥቼ አልጣልኩትም። አንቺንስ የት ጋ ነው የያዘሽ?»

«ሁሉም ጋ» አለች ትርሲት።

«ሁሉም ጋ ያዘኝ የሚል ደንበኛ ልብሱን ገና አላየውም ማለት ነው። ሂጂና ፈተናውን ይዘሽልኝ ነይ። የኔን ዓይን ሐኪም ያየዋል፤ ያንቺን ወረቀት ግን ካንቺ ሌላ የሚያይልሽ የለም።»

በማግስቱ መምህሮቿን ለምና የጥያቄ ወረቀቶቹንና የራሷን መልሶች አመጣች። ተድላ ጨርቅ የሚቆርጥበትን ጠረጴዛ ጠርጎ አስቀመጣት። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ አንዲት ቃል አይገባውም። ስለዚህ የሳተችውን ሁሉ አንድ በአንድ በአማርኛ እንድታስረዳው አዘዛት።

አንዳንዱን ስታነብለት «ይሄን ከነጭራሹ አልተማርኩትም» አለች። ሌላውን ማስረዳት ጀምራ መሃል ላይ ቆመች። «ቆይ፣ ይሄን እኮ አውቀዋለሁ!» ጥያቄው ትክክል ያልሆነው የቱ ነው ይላል፤ እሷ ተጣድፋ መጀመሪያ ያገኘችውን ትክክለኛ መልስ ነው ያከበበችው። እንዲህ ያለ አሥራ አራት ተገኘ።

«ኮት ታዘሽ ሱሪ ሰፋሽ በይኛ!» ብሎ ሳቀባት። እሷም ለሁለት ቀን ያልሳቀችውን ሳቀች።

ወረቀቱን ልትሰበስብ ስትል ያዛት። «በትክክል ያገኘሻቸውንም አስረጂኝ እንጂ።»

«ያገኘሁት ምን ያደርግልሃል?»

«ልብስ ሲጠብ ባለቤቱ ይጮሃል። ሲሰፋው ዝም ይላል፤ ስሕተቱ ግን እዚያው አለ።»

ያገኘቻቸውን ማስረዳት ስትጀምር ከመካከላቸው ዘጠኙን ለምን እንደመረጠች መናገር አቃታት። በግምት ነበር የመታቻቸው። ይህ ከሁሉም በላይ አመማት፤ ትክክለኛው ውጤቷ ከተነገራትም ያነሰ ነበር። ሆኖም አሁን የምታለቅስበት ሳይሆን የምትሠራበት ነገር አግኝታለች። ጠመኔውን ተቀብላ ሰባቱን ሳምንት ጠረጴዛው ላይ አሰመረች፤ ያልተማረችውን የፊዚክስ ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ አደረገች፣ በግምት የመታችውን ቀጥሎ። በየቀኑ አሥር ጥያቄ ጣቷን ከቃሉ ሥር አድርጋ ቀስ ብላ ልታነብ ወሰነች። ጊዜው የማይበቃቸውን ሁለት ምዕራፎች ግን ተወቻቸው። ተድላም «ደግ አደረግሽ፣ ጨርቁ ካልበቃ እኔም ኪስ አላወጣም» አላት።

በአምስተኛው ሳምንት መጨረሻ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛ ሞዴል ሰጠ። ውጤቱን በተቀበለች ዕለት ትርሲት በሩ ላይ ቆማ «ተጣድፌ የሳትኩት ሁለት ብቻ ነው» አለች። «በግምት የሠራሁት አራት አለ፣ ምልክት አድርጌበታለሁ። ፊዚክስ ግማሽ ምዕራፍ ይቀረኛል። አሥራ ሁለት ቀን አለኝ፣ ይበቃኛል።»

«ድምሩስ?» አለ አባቷ።

«ውይ፣ እሱን ረሳሁት! ሦስት መቶ ስድስት።»

ተድላ ደስታውን ለመደበቅ ወደ ስፌቱ ጎንበስ አለ። «በይ እዚህ ቆመሽ ጊዜ አታጥፊ» ብቻ ነው ያላት።

ዋናው ፈተና ላይ ስንት እንዳመጣች ትጠይቁኝ ይሆናል። አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ታሪኩን ጥላችሁ ትሄዳላችሁ። ወደ ፈተናው ግን ሄዳለች፤ ምን እንደምታውቅና ምን እንደማታውቅ ለይታ፣ ቀና ብላ ነው የሄደችው።

የመሞከሪያ ውጤት ፍርድ አይደለም። ድምሩ ያስደነግጠናል ወይም ያስደስተናል እንጂ ነገ ጠዋት ምን እንደምንሠራ አይነግረንም። ይህን የሚነግረን የሳትነው እያንዳንዱ ጥያቄ ነው፤ በዕድል ያገኘነውም ጭምር። እስቲ እናንተም አንድ ጊዜ ሞክራችሁ «ይሄ ለኔ አይሆንም» ብላችሁ የተዋችሁትን ነገር አስታውሱ። ስትተዉት ስሕተታችሁን አንድ በአንድ አይታችሁት ነበር፣ ወይስ ድምሩን ብቻ?