በስምንት የጀመረው የቲቸር ትርንጎ መጽሐፍ

ስሙኝማ! ይቺ ተረት የወረቀት ናት፤ እጥፍ እጥፍ እያለች ትሄዳለችና ቀስ ብላችሁ ተከተሏት።

ቲቸር ትርንጎ የሚሏት የአፀደ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ዕድሜዋን ሙሉ ልጆችን በእንቆቅልሽ ስታጫውት ኖራ፣ ዓርብ ጡረታ ልትወጣ ሆነ። እንቆቅልሾቿን በአስራ ስድስት ገጽ አሰናድታ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጀርባ ላለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ሰጠች። የፈለገችው ይኸው ነው፤ ልጆቿ በመጨረሻዋ ቀን አንዳንድ መጽሐፍ ይዘው ቤታቸው እንዲገቡ። ቃል ገብታላቸዋለች። እሷ ደግሞ ለልጅ የገባችውን ቃል አፍርሳ አታውቅም።

ሐሙስ ጠዋት መጥታ የወረቀት መቁረጫውን ቢላ፣ ጠርዙን ቁረጥልኝና መጽሐፌን ልውሰድ አለችው። ቢላው፣ መርፌ ያልሰፋችውን አልቆርጥም አለ።

ወደ መርፌዋ ሄደች። ቢላው አልቆርጥም አለ፤ አንቺ ስፊልኝ፣ እሱ ይቁረጥልኝ፣ ልጆቼ ያንብቡልኝ አለቻት። መርፌዋ ከተሰካችበት ሳትነቃነቅ፣ ማጠፊያው ያላጠፈውን ምን ብዬ ልስፋ አለች።

ማጠፊያው ከቀንድ የተሠራ ዱልዱም ነገር ነው፤ ሥራው ወረቀት ማጠፍ፣ ትርፍ ጊዜው ማጉረምረም። ቢላው አልቆርጥም አለ፣ መርፌዋ አልሰፋም አለች፤ አንተ እጠፍልኝ፣ እሷ ትስፋልኝ፣ እሱ ይቁረጥልኝ፣ ልጆቼ ያንብቡልኝ አለችው። አጥፌማ ነበር አለ ማጠፊያው። ለሙከራ የታተመውን ትልቅ ወረቀት ሲያጥፈው መጽሐፉ በስምንት ጀመረ፤ አንደኛዋ ገጽ አምስተኛዋ ቦታ ላይ በአናቷ ቆማ ተገኘች። ማተሚያ መኪናው ደኅና ወረቀት ካላተመልኝ እንዲህ ያለ ጉድ አላጥፍም ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

ነገ ዓርብ ነው! ወደ ማተሚያ መኪናው ሮጠች። ቢላው አልቆርጥም አለ፣ መርፌዋ አልሰፋም አለች፣ ማጠፊያው አላጥፍም አለ፤ አንተ አትምልኝ፣ እሱ ይጠፍልኝ፣ እሷ ትስፋልኝ፣ ቢላው ይቁረጥልኝ፣ ልጆቼ ያንብቡልኝ አለችው። መኪናው፣ እኔ የማትመው ፕሌቱ የሰጠኝን ነው፤ ፕሌቱ ካልተለወጠ አላትምም አለ።

ፕሌቱ ገጾቹ ሁሉ የሰፈሩበት ስስ ቆርቆሮ ነው። ቢላው አልቆርጥም አለ፣ መርፌዋ አልሰፋም አለች፣ ማጠፊያው አላጥፍም አለ፣ መኪናው አላትምም አለ፤ አንተ ተለወጥልኝ ብላ ለመነችው። ፕሌቱም፣ እኔ ማንደፍሮ የደረደረውን ተሸካሚ ነኝ፤ እሱ ካልደረደረ አልለወጥም አለ።

ማንደፍሮ ማለት ገጾቹን በትልቁ ወረቀት ልክ የሚደረድረው ሰው ነው። ሰው በማግኘቷ እፎይ ብላ፣ ቢላው አልቆርጥም፣ መርፌዋ አልሰፋም፣ ማጠፊያው አላጥፍም፣ መኪናው አላትምም፣ ፕሌቱ አልለወጥም አሉኝ፤ በል አንተ ደርድርልኝ አለችው። ማንደፍሮ ኩርፊያው ገና አልለቀቀውም።

«እትዬ፣ እርስዎ የፈረሙበትን እኔ እንዴት እነካለሁ?»

ለካ ሰኞ ዕለት የገጾቹን አደራደር ልታይ መጥታ ነበር። አንድ ከአስራ ስድስት ጎን ተቀምጣ፣ ስምንት ከአንድ በላይ በአናቷ ተዘቅዝቃ ብታይ ደነገጠች። ልጆቼ አንገታቸውን ሊሰብሩ ነው ወይ አለች። ማንደፍሮ ሲታጠፍ እኮ ብሎ ሳይጨርስ፣ እንደ ተማሪ ሰልፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ቀጥ አድርጋ አሰለፈቻቸውና ፈረመች። በዚያ ቤት ደግሞ የመጽሐፉ ባለቤት የፈረመበትን ማንም አይነካም። ማንደፍሮም ይበላት ብሎ አፉን ዘጋ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብላ ስትከተል የደረሰችበት ሥር የራሷ ፊርማ ሆነ።

ትርንጎ አፈረች፤ ግን እጇ ዝም ብሎ አያውቅም። ለልጆች የወረቀት ጀልባ ሲሠራ የኖረ እጅ ነው። ባዶ ወረቀት አንስታ አጠፈች፣ ደገመች፣ ሠለሰች። እጥፉን በጣቷ እየገለጠች በየገጹ ከአንድ እስከ አስራ ስድስት ቁጥር ጻፈች። ከዚያ ዘረጋችው። አንድ ከአስራ ስድስት ጎን ተቀምጣለች፤ ስምንትም ከአንድ በላይ በአናቷ ተዘቅዝቃለች። ትርንጎ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ማንደፍሮዬ፣ ስምንትን እንደነበረች ዘቅዝቃት» አለችና የድሮ ፊርማዋን ሰርዛ አዲስ ፈረመች። አስራ ስድስተኛዋ ገጽ መዝጊያ ሆና ባዶ ስለተተወች አንዲት አዲስ እንቆቅልሽም ጨመረችባት።

ያን ጊዜ ማንደፍሮ ደረደረ፣ ፕሌቱ ተለወጠ፣ መኪናው አተመ፣ ማጠፊያው አጠፈ፣ መርፌዋ ሰፋች፣ ቢላው ቆረጠ፤ ልጆቹም ዓርብ ጠዋት መጽሐፋቸውን አንድ ብለው ጀመሩ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቲቸር፣ «እንቆቅልሽ?» አለቻቸው።

«ምን አውቅልሽ!»

«በአናቴ ቆሜ ታተምኩ፤ ሦስቴ ታጥፌ ቀና አልኩ።»

ድመት አሉ፣ ጃንጥላ አሉ፣ የሌሊት ወፍ አሉ። ሲያቅታቸው እንደ ደንቡ፣ አገር ስጡኝ አለቻቸው። ተመካከሩና ደብረ ብርሃንን ከነመናኸሪያዋ ሰጧት። እሷም መልሱን አልነገረቻቸውም፤ ያቺን በእጇ ቁጥር የጻፈችባትን ወረቀት አጣጥፋ ሰጠቻቸውና ዘርግታችሁ እዩ አለቻቸው። እነሱ ወረቀቱ ላይ ተደፍተው ሲንጫጩ፣ ቲቸር ትርንጎ ባለ አገር ሆና ጡረታ ወጣች።

እኔም ተረቴን አጠፍኳት፤ የወደደ ይዘርጋት።