የአያ ጅቦ ዮጋ

አንድ ጊዜ፣ አያ ጅቦ የሚሉት ጅብ ሐሳቡን አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ አቅቶት ጾሙን ያድር ነበር። ፍየል አባሮ ሊይዛት ሲል በግ ያያል። ፍየሏን ትቶ በጉን ሲከተል የጥንብ ሽታ ይጠራዋል፤ በጉንም ይረሳዋል። ጥፋቱ ግን፣ እንደ እሱ አባባል፣ ሁልጊዜ የፍየሎቹ ነው።

ረኃቡ ሲጠናበት ሐይቅ ዳር ዮጋ ወደምታስተምረው አሮጊት ኤሊ ሄደ።

«እማማ፣ ሐሳቤ አልሰበሰብ አለኝ፤ ምን ይሻለኛል?»

«ልጄ፣ የሁላችንም ሐሳብ ይሮጣል። ያንተው ፈጠን ይላል እንጂ እርግማን አይደለም። ተቀመጥና ትንፋሽህን ተከታተል። ሐሳብህ ሲሸሽ ሳትቆጣ ቀስ ብለህ መልሰው። ያየሁት ሁሉ የኔ ካልሆነ ማለትንም ተው።»

«መቀመጡንስ እቀመጣለሁ፤ የመጨረሻው ግን ይቅርብኝ!» ብሎ እየተነጫነጨ ሄደ።

ይህን ከቁጥቋጦ ሥር የሰማች ቀበሮ መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«አያ ጅቦ፣ ያቺ አሮጊት ምኑን ታውቀዋለች? እኔ ጋ ምንም መተው የለም። አቀማመጡን ብቻ አሳይሃለሁ። ሥጋ ይዘህ ና፤ ፊትህ እናኖረውና ሐሳብህ እሱ ላይ ያርፋል።»

ለጅቦ ከዚህ የበለጠ ጥበብ አልነበረም። ገደል ገብቶ የሞተ በሬ አግኝቶ ምራቁን እየዋጠ ጉድጓዷ ድረስ ጎተተላት። ቀበሮም የኋላ እግሩን ጠምዝዛ አንገቱ ላይ ሰቀለችለት።

«በል ዓይንህን ጨፍን። እኔ ሳልልህ እንዳትገልጥ!»

ከዚያ ግልገሎቿን በጥቅሻ ጠራች።

«እትዬ ቀበሮ፣ አጠገቤ የሚያላምጥ ነገር ይሰማኛል» አለ ጅቦ።

«ሐሳብህ ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል።»

«የሥጋው ሽታም እየቀነሰ ነው!»

«አየህ? መረጋጋት ጀመርክ።»

ጅቦ በኩራት ተነፋ። እንዲህ ቶሎ የገባው አውሬ በዓለም ላይ እንደሌለ ታሰበው። ዝምታው ሲበዛበት ዓይኑን ቢገልጥ፣ ቀበሮ የለች፣ በሬ የለ፤ ቀንድና ሰኮና ብቻ ተበትኗል። ሊነሳ ቢሞክር እግሩ ከአንገቱ አልወርድ አለ።

የሚያልፉ ከርከሮዎች አይተውት ቆሙ።

«ምን ሆነህ ነው?»

እውነቱን መናገር አፈረ። ሆዱ እየጮኸ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ «ዞር በሉ! እዚህ ደረጃ የሚደርስ ሁሉም አይደለም» አላቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ የሚበታተን ሐሳብ በትዕግሥት ሲመልሱት እንደሚሰበሰብ፣ ስስቱን ሳይለቅ አቀማመጥ ብቻ የሚማር ግን ዓይኑን ጨፍኖ የሚዘረፍ፣ በመዘረፉም የሚኮራ ሞኝ መሆኑን ነው።