ከግድግዳው የተመለሰው ምት

በልጉ ቀረ። ክረምቱም ቀረ። ከብቱ መጀመሪያ ከሳ፣ ቀጥሎ ወደቀ። ጉድጓዱ በውሃ ፈንታ ጭቃ ሰጠ። ሰው ለዘር ያስቀመጠውን በላ። ዘሩን የበላ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ዓይኑ የመኪና መንገድ ላይ ነው።

በዚያ ክፉ ጊዜ፣ በአንዲት የቆላ ከተማ አንድ ሰው ነበር። ሥራው በጤና ጣቢያው የመገናኛ ሬዲዮ ላይ መቀመጥ ነው። ስልክ የለም። እህል የጫነ መኪና ሲላክ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። የሬዲዮው ገመድ ግድግዳውን በስቶ ይወጣል፤ ከመሬት በታች ተቀብሮ ኮረብታው ላይ እስከ ቆመው አንቴና ይሄዳል። ገመዱን የቀበረው ብርቁ የሚባል ጓደኛው ነበር።

መኪኖቹ በተነሡበት ሳምንት ሬዲዮው ዲዳ ሆነ። ሰውዬው ይጣራል፤ የሚሰማው የለም። መኪኖቹ በተዘጋው መንገድ መጡ፣ የሚመራቸው አጡ፣ እህሉን ሌላ አገር አራግፈው ተመለሱ። ከተማዋ ጠበቀች። ሲጠብቁ የቀሩ አሉ።

ሕዝቡ ተሰበሰበ። ሰውዬው ተነሣና፣ "ሬዲዮው ደህና ነው። የበሰበሰው ገመዱ ነው። ብርቁ ሲቀብረው ሳይሸፍን ቀበረው" አለ።

ብርቁ ከኋላ ቆሟል። "እኔ የቀበርኩት ደህና ነው። አንተ ጋ ያለውን አይተሃል?"

"እኔ ጋ ምን አለ? ግድግዳ ነው ያለው!"

"እንግዲያው ግድግዳውን እየው!"

ሰው ሳቀ። በረሃብ መካከል የሚሳቅ ሳቅ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያ ሳቅ ፍርድ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቁን ሰላም የሚለው ጠፋ።

በዚያው ሰሞን የብርቁ እናት ሞተች።

ወገኖቼ፣ በእኛ አገር ሰው ይጣላል፤ ለቅሶ ግን አይቀርም። የተቀየመም ቢሆን ገብቶ ሰሌን ላይ ቁጭ ይላል፣ "እግዜር ያጽናህ" ይላል፣ ይወጣል። ለቅሶ ብድር ነው። ሰውዬው ግን በብርቁ ደጅ አለፈ። ብርቁ በሩ ላይ ተቀምጦ አየው። አልገባም። እሱ አልገባምና ሌሎቹም አልገቡም። ብርቁ እናቱን ከጥቂት ዘመዶቹ ጋር ቀበረ፤ ጎጆውን ዘግቶ ወንዝ ማዶ ወረደ።

ዘመን አለፈ። ስልክ ገባ። ሬዲዮው ከጠረጴዛው ተነሣ፤ ገመዱ ግን ከነአንቴናው እንዳለ ቀረ። ሰውዬውም ጡረታ ወጥቶ እቤቱ ሬዲዮ ይጠግናል።

አንድ ቀን ሚስቱ የሺመቤት የወተት ዱቄት ጣሳ ሲበሳ አገኘችው።

"ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?"

"ምት የሚልክ መሣሪያ ነው። የሬዲዮ ገመድ መፈተሻ።"

"የራስህ የልብ ምት ለሐኪም አልስተካከል ብሎት፣ አንተ ለጣሳ ልብ ትሠራለህ?"

"ዝም በይ፣ ታሳስቺኛለሽ።"

"የማንን ገመድ ልትፈትሽበት?"

"የብርቁን።"

የሺመቤት የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። "ሰውዬው አገር ለቀቀልህ። አሁንም አልለቀቅከውም?"

ሰውዬው ሥራውን ቀጠለ። ከሞቱ ሬዲዮዎች ትራንዚስተር ነቀለ፣ ባትሪ አሰረ፣ ጣሳው ውስጥ ከተተ። ምቱን በአረንጓዴ መስመር የሚያሳይ ያረጀ መሣሪያ ደግሞ ከሙያ ትምህርት ቤት ለመነ።

ነገሩ ቀላል ነው። ገደል ዳር ቆማችሁ ብትጣሩ ድምፃችሁ ከወዲያኛው ገደል ገጭቶ ይመለሳል። ገደሉ ቅርብ ከሆነ ቶሎ፣ ሩቅ ከሆነ ቆይቶ። ገመድም እንዲሁ ነው። አንዲት ምት ትልክበታለህ። ገመዱ ጤነኛ ከሆነ፣ ጫፉም ምቱን በሚውጥ ዕቃ ከተዘጋ፣ ምቷ ትሄዳለች፣ አትመለስም። መንገድ ላይ የበሰበሰ ካለ ግን ገጭታ ትመለሳለች። ስትመለስ የቆየችው ጊዜ ብልሽቱ የት እንዳለ ይናገራል።

ሰውዬው ኮረብታው ላይ እያለከለከ ወጣ፣ ጫፉን ዘጋ፣ ወረደ። የሬዲዮው ክፍል ዛሬ የዕቃ ማስቀመጫ ነው፤ ዘበኛው ከፈተለት። ጣሳውን ከገመዱ ጋር አገናኘ። ምን ፈለገ መሰላችሁ? መልሱ ከሩቅ፣ ብርቁ ከቀበረው እንዲመጣ ፈለገ። ያን ጊዜ የፈረደውን ፍርድ መሣሪያ እንዲመሰክርለት ፈለገ።

ምቱን ላከ። ከሩቅ የመጣ ነገር የለም። ኮረብታው ድረስ ጸጥ። ገመዱ ደህና ነው ይላል።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ተናደደ።

እቤቱ ተመልሶ ሲያስብ ጥፋቱ ገባው። ምቱ ረጅም ነበር። ረጅም ምት ገና ተልኮ ሳያልቅ ከቅርብ የሚመጣው መልስ ይደርስና በራሱ በምቱ ይሸፈናል። ብዙ የሚጮህ ሰው አጠገቡ ያለው የሚለውን እንደማይሰማ ማለት ነው። ስለዚህ ዕቃውን እየነቀለ፣ እየቀየረ ምቱን አሳጠረ። እንደገና አሳጠረ። ምቷ እንደ መርፌ ቀጥ ብላ ስትቆም ጣሳውን ይዞ ወደዚያው ክፍል ሄደ።

ላከ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ከተላከችው ምት ኋላ ተለጥፎ ቆመ።

ቅርብ ነው። በጣም ቅርብ። ሰውዬው ዞሮ አየ። ግድግዳው ነው።

መሮ ለመነ። ልስኑን ሲያነሣ ውስጡ የገመዱን መቀጠያ አገኘ፤ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። ያን ጊዜ ትዝ አለው። ከዚያ ክፉ ዘመን በፊት ፀሐይ ማጅራቱን እየመታች አስቸገረችውና ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ማዶ ሊያስጠጋ ፈለገ። ገመዱ አጠረ። በገዛ እጁ ቀጠለው። ለሬዲዮ የሚሆነው የብየዳ ሙጫ አልነበረውም፤ አሸንዳ ከሚበይደው ሰው አሲድ ተዋሰና በያደው፤ ግድግዳውንም ለሰነበት። አሲድ አሸንዳ ያጣብቃል፣ ቀጭን ሽቦን ግን ቀስ ብሎ ይበላል። ሬዲዮው ዲዳ በሆነ ጊዜ በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ በቴስተር፣ ለክቶት ነበር፤ ቴስተሩ ይገናኛል አለው፤ ባንዲት ቀጭን ክር የተንጠለጠለ መሆኑን አልነገረውም። እሱም ግድግዳውን አልከፈተም።

መሬት ላይ ተቀመጠ። ዘበኛው፣ "ጋሼ፣ አመምዎት?" አለው።

"አይ። ግድግዳውን አየሁት" አለ።

ወገኖቼ፣ እናንተ በሰው ላይ ስትፈርዱ ምታችሁ ምን ያህል ይረዝማል? ስለ ወንድማችሁ ጥፋት ስትናገሩ ትንፋሽ ትወስዳላችሁ? ከባልሽ ጋር ስትከራከሪ፣ ከልጅህ ጋር ስትጣላ፣ ዝም ብለህ መልሱ ከየት እንደሚመጣ አዳምጠህ ታውቃለህ? ሁላችንም ኮረብታ መውጣት እንወዳለን። ብልሽቱን ሩቅ፣ ሌላ ሰው በቀበረው ውስጥ እንፈልጋለን። ግድግዳችንን የለሰንነው እኛ ነን፤ ከጀርባው ምን እንዳለም እኛው ነን የምናውቀው። አንዳንዱ ጥፋት ደግሞ ሲገኝም አይጠገንም። የዚያን ዓመት ሙታን የትኛው መሣሪያ ይመልሳቸዋል?

የማይመለሰው አይመለስም። የሚከፈለው ግን ይከፈል። ሰውዬው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ወንዝ ማዶ ተሻገረ።

ብርቁ ሸምግሏል። ደጁ ላይ ገመድ ይገምዳል። ቀና ብሎ አየው። "ምን እግር ጣለህ?"

"ለቅሶ ልደርስ ነው።"

"ማን ሞተብኝ?"

"እናትህ።"

ብርቁ እጁ ቆመ። "እናቴ አፈር ከሆነች ስንት ዘመኗ።"

"አውቃለሁ። በደጅህ አልፌ ሄጃለሁ። አይተኸኛል።" ቀጠል አድርጎም፣ "የበሰበሰው እኔ ጋ ነበር። ግድግዳው ውስጥ። ጠረጴዛዬን ከፀሐይ ላሸሽ ብዬ የቀጠልኩት ነው" አለ።

"ጠረጴዛ?"

"አዎ።"

"ለጠረጴዛ!" አለ ብርቁ። ሊስቅ ይመስል ነበር፤ አልሳቀም። ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ሰውዬው በሩ የሚዘጋበት መስሎት ቆመ። ብርቁ ሰሌን ይዞ ወጣ፤ አነጠፈው፤ ከዳር ተቀመጠ። ሰውዬውም ተቀመጠ።

"ከተማውንም ሰብስቤ እነግራለሁ" አለ።

"ትነግራለህ። አሁን የመጣህበትን በል።"

"እግዜር ያጽናህ።"

ብርቁ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

እናንተስ በማን ደጅ አልፋችሁ ሄዳችኋል? ሰሌኑ ገና አልተጠቀለለም። ዛሬ ስትወጡ ተሻገሩ፤ ቃላችሁም አጭር ትሁን። የዚያ ሰው ቃል አጭር ነበረች። እንደ ጤነኛ ገመድ ምት ሄደች፣ ገባች፣ አልተመለሰችም።